ኤች ከላይ ወደ ታች ነው የሚለካው

እህቴ፣ «5 ሜትር ቁመት ያለው ታንክ በውሃ ተሞልቷል፤ ከወለሉ 2 ሜትር ከፍ ብሎ ያለው ግፊት ስንት ነው? 2ን ሳስገባ መልሱ እምቢ አለኝ» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ የማባዛት ችግር የለብሽም። እኔም በዚሁ ምዕራፍ ብዙ ስለተንገላታሁ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

1. የፈሳሽ ግፊት ቀመሩ ሮ ጂ ኤች ነው፤ ሮ ዴንሲቲው (የአንድ ሜትር ኩብ ፈሳሽ መጠነ ቁስ በኪሎ ግራም፣ ለውሃ 1000)፣ ጂ የስበት ፍጥንጥነት (9.8)። ኤች ደግሞ የሚለካው ከውሃው ገጽ ወደ ታች ነው። ከወለሉ 2 ሜትር ላይ ካለሽ፣ ከበላይሽ ያለው ውሃ 3 ሜትር ነው። 1000 በ9.8 በ3 ሲባዛ 29,400 ፓስካል ይመጣል። አለቀ። ብዙ አስተማሪ «ኤች ከፍታ ነው» ብሎ ሰሌዳ ላይ ይጽፍና ያልፋል። ከየት ጀምሮ እንደሚለካ አይናገርም። ከዚያ ተማሪው ሰነፍ ይባላል። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል። እኔ ቁጥር ከመንካቴ በፊት ታንኩን እስላለሁ፤ የውሃው ገጽ ላይ አግድም መስመር አሰምርና «ዜሮ» ብዬ እጽፍበታለሁ። ቀስቷ ከዚያ ወደ ታች ትወርዳለች። አንቺም እንደዚያ አድርጊ።

2. የታንኩ ስፋት አያስጨንቅሽ። ቀጭን ቱቦም ሆነ ሰፊ ገንዳ፣ ጥልቀቱ እኩል ከሆነ ግፊቱ እኩል ነው። ስፋት የሚያስፈልግሽ ወለሉ ላይ ያረፈውን ኃይል ሲጠይቁሽ ብቻ ነው።

3. የአየሩ ግፊት ይደመር ወይስ አይደመር? እዚህ ጋ ጠንቀቅ በይ። ክፍት ታንክ ከሆነ ውሃውን ከላይ አየሩም ይጫነዋል፤ በባህር ጠለል ላይ 101,325 ፓስካል ያህል። «ጠቅላላ» ወይም «አብሶሉት» ካለ ትደምሪያለሽ፤ ያንቺው 130,725 ይሆናል። «ጌጅ» (ከአየሩ ግፊት በላይ ያለው ብቻ) ካለ አትደምሪም። እኔ የተፈተንኩት ጥያቄ «ጠቅላላ ግፊት» ይላል፤ ደመርኩ። ወረቀቱ ሲመለስ በቀይ ተሰርዟል። ቢሮ ሄድኩ። የነበረው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «መልሱ እኛ ጋ ያለው ነው» አለኝ። «እባክዎ ጥያቄውን አንዴ ያንብቡት» ብዬ ብለምነው «ሥራ አለብኝ፣ ውጪልኝ» አለ። ወጣሁ፤ ግን አልተውኩትም። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ስሌቱን በንጹህ ወረቀት ገለበጥኩ፣ «ጠቅላላ» የሚለውን ከሥሩ አሰመርኩበትና ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አስገባሁ። ማርኬ ተመለሰ። እንደኔ የደመሩት ልጆች ሁሉ ተስተካከለላቸው። በዚህ ዛሬም ደስ ይለኛል። ይቅርታ ያለኝ ግን የለም። ስለዚህ መልስሽ አጠገብ «የአየር ግፊት ተደምሯል» ወይም «አልተደመረም» ብለሽ ጻፊ። ክርክር ቢነሳ ማስረጃሽ እሱ ነው።

4. ሁለት ፈሳሽ ከተደራረበ አማካይ ዴንሲቲ እያልሽ አትድከሚ፤ እያንዳንዱን ለብቻው ሠርተሽ ደምሪ። ዴንሲቲው 800 የሆነ 2 ሜትር ዘይት 15,680 ይሰጥሻል። ከሥሩ 3 ሜትር ውሃ ካለ 29,400። ታች ወለሉ ላይ 45,080 ፓስካል።

ቀጥሎ ስለ ተራራ መጠየቃቸው አይቀርም። ያኔ ይህን ቀመር እንዳለ እንዳትወስጂው። ውሃ እምብዛም አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል፣ ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥርም ይሳሳል። የባህር ጠለሉን የአየር ዴንሲቲ፣ 1.225ን፣ ይዘሽ ብትሄጂ 8.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ግፊቱ ዜሮ ይልሻል። የኤቨረስት ጫፍ 8,849 ሜትር ነው፤ የኦክስጅን ጠርሙስ ሳይዙ እዚያ የወጡ ሰዎች አሉ። እንደ እውነቱ ግፊቱ በግማሽ የሚቀንሰው 5.5 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ለጥቂት ሜትር ልዩነት ግን ቀመሩ ለአየርም ይሠራል።

አሁን 3ን አስገብተሽ ሞክሪና ሥዕሉን ጭምር እዚሁ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።