ይውጣልኝ ወይስ ይቀመጥ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 31 ነው። በጅቡቲ መስመር የሲኖትራክ ሹፌር ነኝ። ከአራት ወር በፊት ሚሌ አድረን ሙቀቱ አላስተኛ ቢለኝ ሌሊት ተነሥቼ ስታጠብ፣ ያ ቦታ ላይ በቀኝ በኩል ከባቄላ ፍሬ ከፍ የሚል ድቡልቡል ነገር በጣቴ ነካሁ። አያመኝም። ለአጎቴ ብነግረው «ቡአ ነው፣ ከባድ ዕቃ አታንሣ» አለኝ። አዳማ አልትራሳውንድ ተነሥቼ ያነሣኝ ባለሙያ «ውሃ የያዘ ሲስት ነው፣ ጉዳት የለውም» ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ። ወረቀቱን ይዤ አንድ ክሊኒክ ስሄድ ግን «ካልወጣ ወደ ካንሰር ይለወጣል፤ ከረጢቱን ከፍተን እዚሁ እናወጣዋለን፤ 38 ሺህ ብር ነው» ተባልኩ። ደንግጬ 5 ሺህ ቀብድ ከፈልኩ፤ ቀጠሮዬ ከአንድ ወር በኋላ ነው። ከፋሲካ በኋላ ሠርጌ ነው፤ እጮኛዬ ምንም አታውቅም። ያመጣብኝ የሞተሩ ሙቀት ይሆን? ይውጣልኝ ወይስ ይቀመጥ? የአልትራሳውንዱን ወረቀት ፎቶ አያይዤ ልኬያለሁ።

ወንድማችሁ፣ ከሞጆ

መልስ፦ «አንተ» እያልኩ እንድጽፍልህ ፍቀድልኝ፤ ሁለተኛው ልጄ በአንድ ዓመት ይበልጥሃል።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ያ ቦታ» ትላለህ እንጂ ስሙን አንድም ጊዜ አልጠራህም። አልፈርድብህም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከጠረጴዛዬ ማዶ የተቀመጠው ወንድ ሁሉ እንዳንተው ነበር፤ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ይገባል፣ ጉልበቱን አሳይቶ ይነሣል፣ የበሩን እጀታ ከያዘ በኋላ ዞር ብሎ «ዶክተር፣ አንዲት ነገር ደግሞ ነበረች…» ይላል። እኔ ግን ስሙን እየጠራሁ እጽፋለሁ፤ የዘር ፍሬ ነው፣ ቆለጥ ነው። ስሙን ካልጠራን እብጠቱ በትክክል የት እንዳለ መነጋገር አንችልም፤ በዚህ ጉዳይ ደግሞ «የት?» የሚለው ከመልሱ ግማሹ ነው።

ወረቀትህ የት እንዳለ አጥርቶ ይናገራል። እብጠቱ ከቀኙ ፍሬ በላይ፣ ከፍሬው ውጪ ነው። 18 ሚሊ ሜትር በ14 ነው፤ ግድግዳው ቀጭን፣ ውስጡ ጥርት ያለ ፈሳሽ፤ ሁለቱም ፍሬዎች ደህና ናቸው። እኔ ባነሣህም ከዚህ የተለየ አልጽፍም ነበር።

ከእያንዳንዱ የዘር ፍሬ ጀርባ ኤፒዲዲሚስ የሚባል ቀጭን ቱቦ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ተፈትቶ ቢዘረጋ 6 ሜትር ያህል ይረዝማል። ሸራ የምታስርበትን ገመድ አስበው፤ ያን የሚያህል ርዝመት ከአንድ ጣት በማይበልጥ ቦታ ታጥፎ ተቀምጧል። ዘርህ ከፍሬው ከወጣ በኋላ ጉልበት የሚያገኘው በዚያ ውስጥ ሲጓዝ ነው። አንዳንድ ጊዜ ከዚህ ጥቅልል አንዱ ቦታ ወጣ ብሎ ፈሳሽ ይቋጥራል። አንተ ጋር ያለው ይኸው ነው። ወንዶች በሌላ ምክንያት አልትራሳውንድ ሲነሡ እንኳ ደጋግሞ ይገኛል፤ ብዙዎቹ መኖሩን ሳያውቁ ሸምግለው ይሞታሉ። ከምን እንደመጣ በአብዛኛው ሰው ላይ ምክንያት አይገኝለትም። የሞተርህን ሙቀት ግን ከዚህ ክስ ነጻ አድርገው።

አሁን ወደተናደድኩበት ነገር ልምጣ። ይህ ዓይነቱ ሲስት ወደ ካንሰር አይለወጥም። ከአራት ወር በኋላም ሆነ ከአርባ ዓመት በኋላ አይለወጥም። የዘር ፍሬ ካንሰር የሚነሣው ከራሱ ከፍሬው ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ አያምም፣ ሲዳሰስ ከፍሬው ጋር የተጣበቀ ጠጠር ይመስላል። ከ15 እስከ 40 ባለው ዕድሜ ስለሚበዛ አንተም መሐሉ ላይ ነህ። ስለዚህ ደንግጠህ አልትራሳውንድ መነሣትህ ትክክል ነበር፤ ማንም ወንድ በጣቱ ብቻ ዳኝቶ መቀመጥ የለበትም። ካንሰር የጠረጠረ ሐኪም ግን የሚሠራው ሌላ ነው። የደም ምርመራ ያዝዛል፤ ፍሬው መውጣት ካለበትም በብሽሽት በኩል ገብቶ ያወጣዋል እንጂ ፍሬዎቹ ያሉበትን ከረጢት አይቀድም፣ መርፌም አይሰድበትም፤ ይህን ካደረገ በሽታው የሚዛመትበትን መንገድ ይከፍትለታል። እንግዲህ «ካንሰር እንዳይሆን ከረጢቱን ከፍተን እናውጣው» ያለህ ሰው በሁለት መንገድ ተሳስቷል። ካንሰር ካልጠረጠረ ምን አስቸኮለው? ከጠረጠረስ ስለት የሚያሳርፈው እዚያ ነው?

አጎትህን አልወቅሳቸውም። በእኛ አገር «ቡአ» የማይሸከመው ነገር የለም። ወደ ታች የወረደ አንጀትም ቡአ ነው፣ በፍሬው ዙሪያ የተጠራቀመ ውሃም ቡአ ነው። የወረደ አንጀት ስታስል ይገፋል፣ ስትጋደም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ውሃው ደግሞ ፍሬውን ራሱን ስለሚከብበው ፍሬህን ለይተህ መዳሰስ ያቅትሃል፤ በጋምቤላና በቤንሻንጉል ቆላ በትንኝ በሚተላለፈው የዝሆኔ ትል የተነሣ ጉልበት ድረስ የሚወርድ አይቻለሁ። ያንተ ከሁለቱም አይደለም። ዕቃህን አንሣ።

ይውጣ ወይስ ይቀመጥ ላልከኝ፣ እኔም አለኝ። በግራ በኩል ነው፣ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ጥቂት ያልፋል። በ44 ዓመቴ አገኘሁት፤ አሁን 67 ነኝ። ያን ያህል ሰው አክሜ፣ የራሴ ሲሆን ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። በአራተኛው ቀን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ክፍሉን አጨልሞ፣ ባትሪ ከበስተኋላ አስጠግቶ አበራበትና «ጎንበስ በልና እየው» አለኝ። እብጠቱ እንደ ፋኖስ ቀላ ብሎ በራ፤ ፍሬው ግን ከሥሩ እንደጠቆረ ቀረ። ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ውሃ ነው። ለማረጋገጥ አልትራሳውንድ ተነሣሁ፣ ያንተን የመሰለ ወረቀት ተቀበልኩ፣ ተውኩት። በ23 ዓመት ውስጥ ካሰብኩት ቀን ይልቅ የረሳሁት ቀን ይበልጣል።

የተውኩት ቢላዋ ፈርቼ አይደለም። ብዙ ሰው ቀድጃለሁ። አንድ የ58 ዓመት ገበሬ ትዝ ይለኛል፤ ሲስቱ ብርቱካን አክሎ በቅሎው ላይ መቀመጥ ከልክሎት ነበር። ልጆቹን ወልዶ ጨርሷል፣ ይጎትተዋል፣ ያመዋል፤ አወጣሁለት። ከሁለት ወር በኋላ በበቅሎው መጥቶ አንድ እንስራ ማር ከበሬ ላይ አስቀመጠ። እንዲህ ላለው ሰው ቀዶ ሕክምናው መልካም ነው።

ሌላው ደግሞ የ29 ዓመት ወጣት ነበር፤ እኔ ጋ የመጣው ሌላ ቦታ ካስወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የወጣለት ካንተም የሚያንስ ነበር፤ ያውም አሞት አያውቅም፣ ሐሳብ ስለሆነበት ብቻ ነው ያስወጣው። የመጣው ልጅ እምቢ ስላለው ነበር። ዘሩ ሲመረመር ባዶ ሆነ። ጠይቄ ጠይቄ በጉርምስናው ጆሮ ደግፍ ይዞት አንዱ ፍሬው አብጦ እንደነበረ ነገረኝ፤ ያ ፍሬ መንምኖ ቀርቷል። ሲስቱ የወጣው በደህናው በኩል ነው፣ ቱቦውም አብሮ ተዘግቷል። ያ ባለ 6 ሜትር ቱቦ እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ ሲስቱን ከላዩ ስትፈለቅቀው አንድ ቦታ ከተነካ የዚያ ወገን ዘር መውጫ ያጣል። በእርግጥ ሁሌ አይደርስም፤ ብዙ ሰው ሌላኛው ፍሬ ይበቃዋል። ነገር ግን ሊያገባ ሁለት ወር የቀረው፣ ምንም የማያመው ሰው ይህን ዕጣ ለምን ይጎትታል? ደም መቋጠሩ፣ መመርቀዙ፣ ከርሞ ተመልሶ ማበጡ፣ ቀድሞ ያልነበረ ሕመም ማምጣቱም አለ።

በመርፌ ይቀዳልኝ እንዳትል ደግሞ፤ ፈሳሹ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይሞላል። ከቀዱ በኋላ የሚያደርቅ መድኃኒት የሚጨምሩ አሉ፤ እሱም ቱቦውን ሊያስቆጣ ስለሚችል መውለድ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም።

እኔ አንተን ብሆን አስቀምጠዋለሁ። ረጅም መንገድ ስትነዳ ቢከብድህ ደግፎ የሚይዝ የውስጥ ሱሪ ልበስ፣ ስትቆም ወርደህ ተንቀሳቀስ። በወር አንድ ጊዜ ሙቅ ውሃ ከታጠብክ በኋላ ፍሬዎችህን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣትህ መሐል ቀስ አድርገህ አንከባልላቸው፤ የምትፈልገው ሲስቱን አይደለም፣ እሱን ታውቀዋለህ። በራሱ በፍሬው ላይ ጠጠር ያለ ነገር ካገኘህ፣ ወይም አንዱ ፍሬ ከከበደህ፣ ሐኪም ጋ ሂድ። ሲስቱ ራሱ አድጎ ሥራ ቢያስፈታህ፣ ልጆችህን ከወለድክ በኋላ ስለ መውጣቱ እንነጋገራለን። ድንገት የሚያስጮህ ሕመም ቢመጣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፍሬው ዞሮ ደሙ ታንቆ ሊሆን ይችላል፣ ለማትረፍ ያለህ ጊዜ 6 ሰዓት ያህል ነው። ጋላፊም ብትሆን ጭነቱ ይጠብቅ፣ ሰው ይንዳልህና ወደ ዱብቲ ሆስፒታል ገስግስ።

ለእጮኛህ ንገራት። እውነቱን ለመናገር፣ ከሲስቱ ይልቅ ይህን መደበቅህ ነው ያሳሰበኝ። ወረቀቱን አሳያት፣ የት እንዳለም ንገራት፣ ስሙን እየጠራህ። ለግንኙነታችሁም ሆነ ለመውለድ እንቅፋት አይሆንም። ምናልባት ከተጋባችሁ በኋላ ዓመት ሞልቶ ልጅ ቢዘገይ፣ ሁለታችሁም አብራችሁ ትመረመራላችሁ፤ እሷ ብቻዋን እንዳትሄድ።

ቀብዱን በተመለከተ ደረሰኝህን ይዘህ ሂድና ቀዶ ሕክምናውን መተውህን ነግረህ ገንዘብህን ጠይቅ። ቢመልሱልህ መልካም፤ ባይመልሱልህም በቀጠሮው ቀን መንገድ ላይ ሁን።