«ሄል ኦር ሃይ ዋተር» እንቅልፍ ያመጣል ወይስ ይታያል?

ግማሹ ተመልካች «ምርጥ» ግማሹ «እንቅልፍ የሚያመጣ» ይለዋል፣ ማንን ልመን ብለሃል። እኔ ከወዳጆቹ ወገን ነኝ። ነቃፊዎቹም ግን ዝም ብለው አላወሩም።

የ2016 (እ.ኤ.አ.) ፊልም ነው፤ በጀቱ 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ለሆሊውድ ይህ የኪስ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ተኩሱ ጥቂት፣ ጨዋታው ብዙ ነው። ተኩስ በተኩስ የሆነ ነገር ካማረህ ይቅርብህ።

ታሪኩ ግን አንጀት ይበላል። ቴክሳስ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች የእናታቸውን የከብት እርባታ ሊወርስ የተዘጋጀውን ባንክ፣ ቅርንጫፎቹን እየዞሩ ይዘርፋሉ። ዕዳውን በራሱ በባንኩ ገንዘብ ሊከፍሉት! አዘራረፋቸው ደስ ይላል። ካዝና አይነኩም፤ ከመሳቢያ ያልታሰረውን ኖት ብቻ ያነሳሉ። መኪናውን ጉድጓድ ቆፍረው ይቀብሩታል። ገንዘቡን ደግሞ ካዚኖ ወስደው በቁማር የበሉት ያስመስላሉ።

ጄፍ ብሪጅስ የሚጫወተው ጡረታው የደረሰ ሬንጀር (የቴክሳስ ግዛት ፖሊስ)፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከኮማንቼ የሚወለደውን ባልደረባውን በዘሩ ሲነካካው የሰለቻቸው አሉ። እውነት ነው፣ ትንሽ ይበዛል። «ቴክሳስ ብለው ኒው ሜክሲኮ ቀረጹት» የሚለው ቅሬታ ግን ለእኔ ምንም አይደለም። አቧራው ያው አቧራ ነው።

ለአራት ኦስካር ታጭቶ አንዱንም አላገኘም። ቢያንስ ለድርሰቱ ይገባው ነበር። ስቴክ ቤት ያለችውን አሮጊት አስተናጋጅ እያት፤ ምን እንደምትፈልጉ ሳይሆን ምን እንደማትፈልጉ ነው የምትጠይቀው። እሷ ጋ ካልሳቅህ ፊልሙ ያንተ አይደለም፣ አጥፋው።