ከእጇ አትቀሟት

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው በሴቶች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ለጀመራችሁና ለመጀመር ለተዘጋጃችሁ ወጣቶች ነው። «ልጆቼ» ስላችሁ ቅር አይበላችሁ። ዕድሜዬን በጠመኔ ብናኝ ውስጥ ያሳለፍኩ ጡረተኛ ነኝ፤ ከእኔ በታች ያለ ሁሉ ልጄ ይመስለኛል።

ዓመቱ ሲያልቅ ርዕሰ መምህሯ አንድ ወረቀት ትጠይቃችኋለች፤ የክፍላችሁን አዳዲስ ተሞክሮዎችና ስኬቶች ጽፋችሁ እንድታመጡ። ምን እንደምትጽፉ ከወዲሁ አውቀዋለሁ። ማን አንደኛ እንደወጣች፣ የትኛው ቡድን ዋንጫ እንደበላ፣ ስንት ልጆች ሰርተፍኬት እንደወሰዱ። የጉብኝት ፎቶ ሦስት አራት ይለጠፍበታል። አለቀ።

ዋንጫ አልጠላም። ልጅ ስታሸንፍ ይጨፈር። ግን ዋንጫ የሚበሉት ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩትም ዓመቱን ሙሉ እጃቸውን አጣጥፈው አልከረሙም። ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉ ፊት ቆማ ድምጿን ከፍ አድርጋ ያነበበች አለች። ዳኛ ሆና ፊሽካ የነፋች፣ ጓደኞቿ ሲጮሁባት ውሳኔዋን ያልቀየረች አለች። ከእናቷ ተለይታ አንድ ሌሊት ውጭ ያደረች አለች። የምትፈራትን ልጅ «እንዲህ ስትዪኝ ደስ አይለኝም» ያለች አለች። ለእኔ ዓመቱ ማለት እነዚህ ናቸው። መለኪያዬም አንድ ነው፦ ልጅቷ ራሷ ሠራችው ወይስ ተሠራላት?

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ክፍል ስትገቡ ግን ይከብዳል።

የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነው እንበል። ለየቡድኑ አንድ ባትሪ፣ ሁለት ሽቦና አንዲት ትንሽ አምፖል ታድሏል። የስምንት ዓመት ልጅ ሁለቱንም ሽቦ ከባትሪው አንድ ጫፍ ጋር አያይዛ አምፖሏን አፍጥጣ ታያለች። አይበራም። ሽቦውን በአውራ ጣቷ ጫን ታደርገዋለች። አይበራም። አምፖሏን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትነቀንቃታለች። «ቲቸር፣ የእኛ ተበላሽቷል!»

ይሄኔ እጃችሁን ይበላችኋል። አንዱን ሽቦ ወደ ሌላኛው ጫፍ ማዞር ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም። አምፖሉ ይበራል፣ ልጆቹ ያጨበጭባሉ፣ እናንተም ደስ ይላችኋል። ልጅቷ ግን የምትይዘው ሌላ ነገር ነው፤ አምፖል ሲበላሽ ሌላ ሰው ይጠራል።

እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። «እስካሁን ምን ምን ሞከርሽ?» በሏት። ካልመጣላት «ባትሪው ስንት ጫፍ አለው?» በሏትና ወደ ሌላው ቡድን እለፉ። መቆማችሁ ራሱ ያስጨንቃታል። ኤሌክትሪክ ከአንዱ ጫፍ ወጥቶ፣ በአምፖሉ አልፎ፣ ወደ ሌላኛው ጫፍ የሚመለስበት ያልተቋረጠ መንገድ ይፈልጋል። ይህን ቦርድ ላይ ብትጽፉት ለፈተና ትሸመድደዋለች። በጣቷ ፈልጋ ካገኘችው ግን በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት አምፖል በአንድ ባትሪ ካላበራሁ ብላ ታስቸግራችኋለች። እንዲህ ያለውን ማስቸገር ጻፉት። ስኬት ነው።

የሴቶች ትምህርት ቤት ለዚህ የተመቸ ነው። «ወንዶች፣ ኑ ጠረጴዛ አንሱ» የሚባልበት ቦታ አይደለም። ጠረጴዛውን የሚያነሱት፣ ፕሮጀክተሩን የሚሰኩት፣ የሚመረጡት፣ የሚሸነፉት፣ የሚያስቁትና የሚያስለቅሱት ሁሉም ሴቶች ናቸው። ግን ዕድሉ በራሱ ሥራ አይሠራም። «ሴቶች ለብቻቸው ሲማሩ ይጎብዛሉ» የሚል ወሬ ትሰማላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ሰፊ ምርመራ፣ ከ21 አገሮች የተሰበሰቡ 184 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ አይቷል። 1.6 ሚሊዮን ያህል ተማሪዎችን የሚሸፍን ነው። በደንብ የተሠሩት ጥናቶች ለብቻ በተማሩትና በአንድ ላይ በተማሩት መካከል ያገኙት ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ስለዚህ በአጥሩ አትመኩ። ከአጥሩ ውስጥ አዋቂው ሁሉን ነገር የሚሠራላቸው ከሆነ፣ ወንድ ልጅ ባይኖርም ጠረጴዛውን የሚያነሳው ዘበኛው ነው።

ሌላ ጥናት ልንገራችሁ። ይሄኛው እንቅልፍ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ ተመራማሪዎች 5፣ 6 እና 7 ዓመት ለሆናቸው ልጆች ስለ አንድ በጣም በጣም ብልህ ሰው ታሪክ ነገሯቸው። ጾታው አልተጠቀሰም። ከዚያ የወንድና የሴት ፎቶ አሳይተው «ይሄ ሰው የትኛው ይመስላችኋል?» አሏቸው። በ5 ዓመት ሴቶቹም ወንዶቹም በአብዛኛው የራሳቸውን ጾታ መረጡ። 6 ዓመት ላይ ሲደርሱ ሴቶቹ የራሳቸውን መምረጥ ቀነሱ። አንድ ጨዋታ «በጣም ብልህ ለሆኑ ልጆች ነው» ሲባልም የ6 እና የ7 ዓመት ሴቶች ፍላጎታቸው ከወንዶቹ አነሰ። «በጣም ለሚጥሩ ልጆች ነው» ሲባል ግን እኩል ሆኑ።

የገረመኝ ሌላው ነው። ትምህርት ቤት ጥሩ ውጤት የሚያመጣው ማነው ሲባሉ እነዚያው ሴት ልጆች የራሳቸውን ጾታ ለመምረጥ አላመነቱም። ማለትም ካርዳቸው ላይ ያለውን ቁጥር ያውቁታል። ቁጥሩ ግን ስለ ራሳቸው ያላቸውን ግምት አላነሳውም። ለዚህ ነው «ውጤቷ ጥሩ ነው፤ ምንም ችግር የለባትም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዝም ማለት የሚያቅተኝ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ በአንደኛ ክፍል ዕድሜ ነው። «ገና ሕፃናት ናቸው፤ ከፍ ሲሉ ይደርሳል» የሚባልበት ዕድሜ።

ስለ ሙገሳ ብዙ አልልም፤ ሥልጠና ላይ እስኪሰለቻችሁ ትሰሙታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ ታዋቂ ጥናት «ብልህ ነሽ» እየተባሉ የተሞገሱ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ከባድ ጥያቄ ሲመጣባቸው «ጥረሻል» ከተባሉት ይልቅ ቶሎ ተሰላችተዋል፤ ውጤታቸውን ለሌላ ልጅ ሲጽፉ የዋሹትም «ብልህ ነሽ» ከተባሉት በኩል በርክተዋል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያያችሁትን ንገሯት። «ሦስተኛው መስመር ላይ አጥፍተሽ እንደገና ጻፍሽው፤ ሁለተኛው ይሻላል» ማለት ከአሥር «ጎበዝ» ይበልጣል፤ ሥራዋን በእርግጥ እንዳያችሁት ታውቃለችና።

አሁን ወደ እናንተው ልምጣ። ሒሳብ ትፈራላችሁ? ብዙ መምህር ይፈራል፤ አያሳፍርም። ግን እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት 17 የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ሴት መምህራንን ከተማሪዎቻቸው ጋር አንድ ዓመት ተከታትሏል። በዓመቱ መጀመሪያ በመምህሯ ፍርሃትና በልጆቹ ውጤት መካከል ምንም ግንኙነት አልነበረም። በዓመቱ መጨረሻ ግን መምህሯ ሒሳብን ይበልጥ በፈራች ቁጥር፣ «ሒሳብ የወንድ ነው» የሚሉ ሴት ተማሪዎች በዙ። የሒሳብ ውጤታቸውም ወረደ። ወንዶቹ ላይ አልታየም። አንድ የትምህርት ዓመት በቂ ነበር። ስለዚህ «እኔም ድሮ ሒሳብ አይገባኝም ነበር፣ ሂሂ» የምትለዋን ቀልድ ተዉአት። በምትኩ ከባድ ጥያቄ ቦርዱ ላይ ስትሠሩ ጮክ ብላችሁ አስቡ። «እዚህ ጋ ተጣበቅሁ። ቆይ፣ ከኋላ ልጀምር።» አዋቂ ሲጣበቅና ሲላቀቅ ማየት ለብዙዎቹ አዲስ ነገር ነው።

ማርያም ሚርዛካኒን ታውቋት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2014 የፊልድስ ሜዳሊያ፣ በሒሳብ ትልቁ ከሚባሉት ሽልማቶች አንዱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሴት የተሰጠው ለእሷ ነው። ቴህራን ውስጥ ፋርዛኔጋን የሚባል የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ነው የተማረችው። በሕፃንነቷ ደራሲ መሆን ነበር የምትፈልገው። አንደኛ ደረጃን ጨርሳ እዚያ በገባችበት ዓመት በሒሳብ ደካማ ነበረች። መምህሯ ተሰጥኦ አላት ብላ እንዳላሰበች፣ እሷም ተስፋ እንደቆረጠች በኋላ ራሷ ተናግራለች። በሚቀጥለው ዓመት የምታበረታታ መምህር ገጠማትና ነገሩ ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1995 በዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሎምፒያድ ወርቅ ወሰደች፤ ሁለተኛው ላይ አንድም ነጥብ አልጣለችም። ይህን የምነግራችሁ ከክፍላችሁ ሚርዛካኒ እንድታወጡ አይደለም። ትልቅ ጭንቅላት ያላት ልጅ እንኳ በአንድ መምህር ዓመት ልትዘጋ፣ በሌላው ልትከፈት እንደምትችል እንድታዩት ነው።

ሪፖርት ላይ ፈጽሞ የማይጻፍ ደግሞ አለ። የወር አበባ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ብዙዎቹ ላይ 12 ዓመት አካባቢ ነው። ይህ ማለት ከክፍላችሁ አንዷ ልጅ ዘንድሮ በፈተና ሰዓት ወይም በሩጫ መሃል ልትጀምር ትችላለች ማለት ነው። በዓመት አንዴ አንዲት ነርስ መጥታ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ያለፈው ትምህርት አይበቃም። ልጅቷ ሦስት ነገር አስቀድማ ትወቅ፦ ምን እየሆነ እንደሆነ፣ ሞዴስ የትኛው መሳቢያ እንዳለ፣ መሳቢያውን ለመክፈት ማንንም መጠየቅ እንደማያስፈልጋት። ቁልፉ በአንድ መምህር ኪስ ውስጥ ከሆነ መሳቢያው የለም ማለት ነው። እዚህ ያሉ ወንድ መምህራንም ከዚህ አትሽሹ። መሳቢያው የት እንዳለ ሳትሽኮረመሙ መናገር ከቻላችሁ ይበቃል።

ጉብኝትና የስፖርት ቀን ላይ ብዙ ምክር የለኝም። ካርታውን ለልጆቹ ስጧቸው፤ ትንሽ ይጥፉ፤ እናንተ ከኋላ ተከተሉ።

የወላጆች ቀን ግን ያናድደኛል። የሳይንስ ዐውደ ርዕይ ላይ አባቷ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጣብቀው ያደረ እሳተ ገሞራ ይመጣል። ቀለሙ ያምራል፣ አረፋው ይገነፍላል። «አረፋው ከምን መጣ?» ብትሏት ዞራ አባቷን ታያለች። ከጎኗ የቆመችው ልጅ ደግሞ በአሮጌ ብርጭቆ ውስጥ ሶዳና ኮምጣጤ ቀላቅላ፣ ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጥያቄ እስኪሰለች ትመልሳለች። ዳኞቹ የትኛውን እንደሚሸልሙ ታውቁታላችሁ። ንግግሩም እንደዚያው ነው። አዋቂ የጻፈው «ትምህርት የዕድገት መሠረት ነው» የሚል ረጅም ሽምደዳ በልጅ አፍ ይቀርባል። የፊደል ስህተት ያለበት የራሷ ሦስት መስመር ይሻለኛል። ወላጆችን አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ፤ «ልጃችሁ የምትገመገመው ስታብራራ ነው» በሏቸው። አባቶች ሙጫውን ያስቀምጣሉ።

ስትሸነፍም አትቀሟት። ሽንፈት የእሷ ነው። የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ተሸንፎ የመጣ ቡድን ሲያለቅስ «ዳኛው አድልቶ ነው» ማለት ለጊዜው ያረጋጋል፤ ለሚቀጥለው ግን ምንም አይተውላቸውም። ያን ቀን ያልቅሱ። በማግስቱ «የትኛው ጥያቄ ላይ ነው የወደቃችሁት?» ብላችሁ ወረቀት ስጧቸው።

ይህን ሁሉ እንዴት ትይዙታላችሁ? በማስታወሻ ደብተር። ለእያንዳንዷ ልጅ አንድ ገጽ ስጧት። በየቀኑ ሁለት ልጆችን ምረጡና ልብ ብላችሁ እዩ፤ በራሷ ያደረገችው አዲስ ነገር ካለ አንድ መስመር ጻፉ። በዓመቱ አጋማሽ ገጾቹን ስታገላብጡ ባዶ የሆነው የማን እንደሆነ ትገረማላችሁ። የረባሽዋ አይደለም፤ የእሷ ሞልቶ ተርፏል። ባዶው የዚያች ደብተሯ ንጹህ የሆነው፣ የቤት ሥራዋን የማትረሳው፣ አንድ ቀን እንኳ ያላስቸገረቻችሁ ልጅ ነው። ስላላስቸገረች ያላያችኋት እሷ ናት። ቀሪውን ግማሽ ዓመት ከእሷ ጀምሩ።

ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሩን ለሚቀጥለው ክፍል መምህር አስረክቡ። ስታስረክቡ «ዓይን አፋር ናት» ብላችሁ አትጻፉ፤ ስም ይለጠፍባታል፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል ይከተላታል። «ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ሆና ጮክ ብላ ታነባለች፤ ክፍሉ ፊት ገና አልሞከረችም» ብላችሁ ጻፉ። ተረካቢው መምህር ከአራተኛዋ ጓደኛ ይጀምራል።