ጠላ ስለሚቀዳበት ጽዋ ማኅበርና ስለ መጠጥ ቁጥጥር ሕግ

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የምኖረው ጎንደር ማራኪ አካባቢ ነው። ወር በገባ በ12 የምንሰበሰብበት የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለን። ባለፈው ወር የጤና ባለሙያ የሆነ ማኅበርተኛችን መንግሥት የመጠጥ ማስታወቂያ መከልከሉንና ታክስ መጨመሩን ደግፎ ሲናገር፣ አንድ አዛውንት «ታዲያ ጌታ በቃና ውኃውን ወይን ያደረገው ለምን ነበር?» ብለው ተቆጡ። እኔ ደግሞ እናቴ ጠላ ሸጣ ያሳደገችኝ ነኝና ግራ ገባኝ። ክርስቲያን እንዲህ ያለውን ሕግ ሊደግፍ ይገባዋልን? በማኅበራችንስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ አዛውንቱ መጠጥ በራሱ ርኩስ አይደለም ማለታቸው ከሆነ ልክ ናቸው። መዝሙረኛው ወይን የሰውን ልብ ደስ እንደሚያሰኝ ዘምሯል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል። ያው ሐዋርያ ግን ለኤፌሶን ሰዎች «በወይን ጠጅ አትስከሩ» ብሎ ጽፏል፤ ሰካሮችንም የእግዚአብሔርን መንግሥት ከማይወርሱት ጋር ቆጥሯቸዋል። ጌታ በቃና የደጋሾቹን እፍረት ሸፈነ፤ ያንን ተአምር ለስካር ጠበቃ አድርጎ ማቆም ጥር 12 ቀን የምናከብረውን በዓል ማቃለል ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ለቅዱስ ቁርባን የምታቀርበው እንኳ ዘቢብ ተዘፍዝፎ የሚጨመቅ መሆኑን ማኅበርተኞችህ ያውቃሉ።

ወደ ሕጉ እንምጣ። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፣ 21 ዓመት ላልሞላውም ሰው እንዳይሸጥ ከልክላለች፤ የኤክሳይስ ታክሱም በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ተሻሽሏል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአገሮች የሚመክራቸው ዋና ዋና መንገዶች ዋጋውን በታክስ ከፍ ማድረግ፣ ማስታወቂያን መገደብና የሚሸጥበትን ቦታና ሰዓት መወሰን ናቸው። ድርጅቱ እንዳስታወቀው በፈረንጆች 2019 ብቻ በዓለም 2.6 ሚሊዮን ሰዎች በአልኮል ሰበብ ሞተዋል፤ ከእነርሱም 2 ሚሊዮን ያህሉ ወንዶች ናቸው። ባለጸጋውና ድሃው እኩል ቢጠጡ እንኳ ጉዳቱ በድሃው ይብሳል፤ ሲታመም የሚታከምበት የለውም፣ የቀን ሥራው አንድ ቀን ሲቀርም ቤተሰቡ ጦሙን ያድራል። ስለዚህ ይህን ሕግ መደገፍን እኔ ከምሕረት ሥራ እቆጥረዋለሁ።

ነገር ግን ታክሱ የሚይዘው የፋብሪካውን ጠርሙስ ነው፤ በየጓሮው የሚወጣውን አረቄና በየቤቱ የሚጠመቀውን ጠላ አያገኘውም። ቢራ ሲወደድበት ወደ አረቄ የሚዞር ሰው አለ። አንዳንዶች ይህን አይተው ሕጉ ከንቱ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ሕጉ ከደጃፍ ሲቆም ከደጃፉ ወዲህ ያለውን ሥራ ለእኛ እንደተወልን አያለሁ።

ከደጃፉ ወዲህ ምን አለ? በብዙ ጽዋ ላይ ተገኝቻለሁ። ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጽዋው ከዞረ በኋላ የ15 ዓመት ልጅ ማንቆርቆሪያ ይዛ ትመጣለች፤ በልማዳችን ከጠላው በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምስና ትቀዳለች። አዋጁ የሚከለክለው መሸጥን ስለሆነ ይህን የሚጠይቃት የለም፤ አፏ ጠላ የሚለምደው ግን በእኛው ቤት፣ በእኛው ፊት ነው። የእንግዳው ኩባያ ገና ሳይጋመስ ይሞላል። «በቃኝ» ሲል «በሞቴ!» ይባላል፤ አሁንም እምቢ ካለ ንቆን ነው ተብሎ ይታማል። ነቢዩ ዕንባቆም «ወዮለት» ያለው ባልንጀራውን የሚያሰክረውን ነው። ስለ ስካሩ አዝኖ ምክር የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ «በሞቴ ብዬ ሰው አስክሬአለሁና ምን ላድርግ?» ያለኝ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

እናትህ አሻሮ ቆልታ፣ ጌሾ ወቅጣ፣ ዓይኗን በጢስ አቃጥላ ልጅ ማሳደጓ የሚያሳፍር አይደለም። አንተ በእርሷ ጠላ ለቁም ነገር በቅተህ ዛሬ «ዝጊው» ብትላት ጭካኔ ይሆንብሃል። ለልጅ እንዳትሸጥ፣ ለሰከረም እንዳትደግምለት ልጇ እንደ መሆንህ ለምናት፤ የምትጦርበትን ሌላ መንገድ መፈለግ ግን የአንተ ዕዳ ነው።

የማኅበሩን ነገር ለሙሴው፣ ማለትም ለማኅበሩ መሪ፣ አቅርብ። በመጪው ሚካኤል ከጠላው ጎን ያልፈላ ብርዝ ይቅረብ፤ አሳላፊው 21 ዓመት የሞላው ይሁን፤ «በቃኝ» ያለውንም ሰው ማንም እንዳይጎተጉተው ማኅበርተኛው ሁሉ ይስማማ። አዛውንቱ ቅር ቢላቸው አትከራከራቸው፤ የመጀመሪያውን ብርዝ ለእርሳቸው ቅዳላቸው።