ሰባቱ ዝም ያሉት፦ ለደሴ ወጣት ተዋንያን

ልጆቼ፣

በበረዶ በተዘጋ የእንግሊዝ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ገዳይ የሚፈለግበትን የአጋታ ክሪስቲን ተውኔት፣ «የአይጥ ወጥመድ»ን፣ ወደ አማርኛ መልሳችሁ ደሴ ላይ ልታሳዩ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ደስታዬ ሳይበርድ ደግሞ መርማሪውን ማን ይጫወት በሚል መኳረፋችሁ ደረሰኝ። የሚያኳርፍ ነገር የለውም። በዚህ ተውኔት ውስጥ ስምንት ገጸ ባሕርያት አሉ፤ አንዱ ሲናገር ሰባቱ ያዳምጣሉ። ተመልካች ገንዘቡን ከፍሎ የሚመጣው እነዚያን ሰባት ፊቶች ሊመረምር ነው። መድረክ ላይ ማዳመጥ የማይችል ተዋናይ ካላችሁ፣ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ነገሩ ተበላሸ።

እንዲህ አድርጋችሁ ተለማመዱ። ተናጋሪው ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ቃለ ተውኔቱን ይበል፤ አድማጮቹ ብቻ መድረኩ ላይ ይቀመጡ። አዘጋጁ እነሱን ብቻ ይይ። «በዚያ ሰዓት የት ነበርሽ?» የሚለው ጥያቄ ለሌላ ሰው ሲቀርብ፣ ሲኒዋን ይዛ የተቀመጠችው ልጅ ጣት በሲኒው ከንፈር ላይ ሲዞር ቆይቶ ቀጥ ይላል። ከዚያ ወዲያ ምንም አትጨምር፤ ዓይኗንም አታፍጥጥ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለ ተመልካች አይቷታል፤ ጎረቤቱንም በክርኑ ጎሸም አድርጎታል።

ገዳዩ ማን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ድርሻው የደረሰው ግን ይህን ይስማ፦ ፊትን አጥቁሮ፣ በጎን እያዩ መጫወት የለም። የሆዱን በሆዱ ይዞ፣ ነኝ ያለውን ሰው ሆኖ በሙሉ ልቡ ይጫወት። ተውኔቱን ለሁለተኛ ጊዜ የሚያይ ሰው «ለካ ሁሉም ነገር ፊት ለፊቴ ነበር» እንዲል እንጂ «አታለሉኝ» እንዲል አይደለም።

ይህ ዓይነቱ ጨዋታ ለአገራችን እንግዳ ነው የሚሏችሁን አትስሙ። በቀድሞ ዘመን ወንጀል ተፈጽሞ ፈጻሚው ሲሰወር የአካባቢው ሰው ለአፈርሳታ ይጠራ ነበር፤ አውጫጭኝም ይባላል። የቀረ ይቀጣል፤ የመጣውም ነገሩ ሳይወጣ ወደ ቤቱ አይሄድም። በበረዶ ከተዘጋ የእንግሊዝ የእንግዳ ማረፊያ በምን ያንሳል? አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ ዓይን ላለመጋጨት ምን ያደርግ እንደነበር ይንገሯችሁ። ከማንኛውም የትወና መጽሐፍ የበለጠ ይጠቅማችኋል።

ታሪኩን ወደ ወሎ እናምጣው የሚለውን ክርክራችሁንም ሰምቻለሁ። ከባለመብቶቹ ፈቃድ ካገኛችሁ በረዶውን በክረምት ናዳና በሐረጎ ጉም መተካት ይቻላል፤ የደሴና የኮምቦልቻን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሳይጠራጠር ያምናችኋል። ግን አንዱን ከለወጣችሁ ሁሉንም ለውጡ። በመጀመሪያው ተውኔት ፖሊሱ የሚደርሰው በበረዶ መንሸራተቻ ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ እስከ ጉልበቱ ጭቃ መሆን አለበት፤ ጫማውንም በሩ ላይ ሲያራግፍ ልናየው ይገባል። ታሪኩ እዚያው እንግሊዝ ይቆይ ካላችሁም መልካም፤ ያን ጊዜ ሰዎቹ በአማርኛ የሚያስቡ ይመስል ይናገሩ። «ኦ፣ ውዴ!» የሚል ቃለ ተውኔት ካየሁ ራሴ እሰርዘዋለሁ።

አሁን ወደ መብራቱ። ግድያው የሚፈጸመው በጨለማ ነው፤ በከተማችን ደግሞ መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ስልኩን ያበራል። ገዳያችሁ በሃምሳ ስልክ ተጋልጦ እጁን እንደዘረጋ ሲቆም ይታያችሁ! መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ስልክ እንዲጠፋ አስነግሩ፤ ያም ሆኖ አትመኑ፤ ግድያውን ከሶፋው ጀርባ አድርጉት። መብራት በእውነት ከጠፋ ጄኔሬተር እስኪነሳ ማን ምን እንደሚል አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ይህ ተውኔት ለንደን ላይ የተከፈተው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 ነው። በ2020 በኮሮና ምክንያት እስኪቋረጥ ድረስ ሲታይ ኖሮ በ2021 ተመልሷል። ተውኔቱ ታይቶ ሲያልቅም ተመልካቹ ምስጢሩን እንዳያወጣ ይለመናል። እናንተም ለምኑ፤ የደሴ ምስጢር ከአቦል እስከ በረካ መቆየቱን ግን እጠራጠራለሁ። ስለዚህ ወሬው ሳይቀድማችሁ ተውኔቱን መጀመሪያ ላይ በተከታታይ ቀናት አሳዩ። ከኮምቦልቻ የሚመጣው ተመልካች ማታ መመለሻ ስለሚቸግረው እሁድን ከሰዓት በኋላ አድርጉለት።