ጠረጴዛ ላይ የቀረችው ወረቀት

ሰሞኑን አንዲት ወጣት፣ «ጋሼ፣ የቻይናው የሚንግ ሥርወ መንግሥት የመጨረሻው ንጉሥ ቀን ከሌት የሚሠራ፣ ለራሱ ቁጥብ የሆነ ሰው ከነበረ አገሩን እንዴት አጣ?» ስትል ጠየቀችኝ። ታሪክ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ መልሴ «ከሃዲዎች በር ከፈቱበት» የሚል ነበር። ተማሪው ይጽፈዋል፣ ፈተና ላይ ይመልሰዋል፣ ያልፋል። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል። በሩ የተከፈተው በመጨረሻው ሰዓት ነው፤ ቤቱ ግን ከዚያ በፊት ፈርሶ ነበር። ይህን የጻፍኩት ለእሷም ለእናንተም ነው። ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያ የመጨረሻው ንጉሥ ቾንግዠን ይባላል፤ በ1627 ወንድሙ ወራሽ ሳይተው ሲሞት ነገሠ። ዕድሜው 16 ነበር። በወንድሙ ዘመን ግቢውን እንዳሻው ያሽከረክር የነበረውን ጃንደረባ ዌይ ዦንግሽየንን በጥቂት ወራት ውስጥ አስወገደው፤ ጃንደረባው ወደ ግዞት ሲሄድ መንገድ ላይ ራሱን ሰቀለ። ለ16 ዓመት ልጅ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ከዚሁ ድል መጣ፤ ልጁ በዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ ዌይ ሊሆን እንደሚችል ተማረ፤ ይህን ትምህርት እስኪሞት አልረሳውም።

የወረሰው አገር የታመመ ነበር። በሰሜን ምዕራብ በተለይም በሻንሺ ድርቅ፣ በሰሜን ምሥራቅ ማንቹዎች የሚባሉ ከድንበር ማዶ የሚወጉት ሕዝብ፣ ግምጃ ቤቱ ባዶ። ለማንቹ ጦርነት ተብሎ ከ1618 ጀምሮ በመሬት ላይ የተጣለው ተጨማሪ ግብር በአንድ ሙ፣ ማለትም በአንድ ሄክታር አንድ አሥራ አምስተኛ ገደማ፣ የአንድ ቴል ብር ከሺህ 9 እጅ ደርሶ ነበር። ቴል የምላችሁ 37 ግራም ያህል ብር ነው። ቾንግዠን ወደ 12 እጅ አደረሰው። በ1637 ዓመፀኞችን ለማጥፋት ሁለተኛ ግብር ታከለ፤ በ1639 ደግሞ ሠራዊት ለማሠልጠን ሦስተኛ፤ ይህኛው ብቻ በዓመት ከ7 ሚሊዮን ቴል በላይ እንዲያስገባ የታሰበ ነበር። አሠራሩ እንዴት እንደሚያፈርስ ልብ በሉ፦ ገበሬው መክፈል ሲያቅተው ይሸሻል፤ የሸሸው ድርሻ እዚያው በቀረው ጎረቤት ላይ ይጨመራል፤ ጎረቤቱም ይሸሻል፤ የሸሹት ተሰብስበው ዓመፀኛ ይሆናሉ፤ ዓመፀኛውን ለመውጋት አዲስ ግብር ይወጣል። ወጪ ለመቀነስ በ1629 የመልእክተኛ ፈረስ ጣቢያዎች ሲቀነሱም ሥራ ካጡት መካከል ሊ ዚቸንግ የሚባል የሻንሺ ሰው ነበረበት ይባላል። ኋላ ቤጂንግን የያዘው እሱ ነው።

እንግዲህ ድርቁን እሱ አላመጣውም። ማንቹዎችንም እሱ አልፈጠራቸውም። ይህን ሳትመዝኑ የምትፈርዱ ካላችሁ ቀስ በሉ። እኔ የምወቅሰው በሌላ ነው።

በ17 ዓመት ንግሥናው 50 ያህል ከፍተኛ የምክር ቤት አማካሪዎችን ሾሞ ሽሯል። የዩዋን ቾንግህዋንን ነገር ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ ማንቹዎች የያዙትን የሰሜን ምሥራቁን ምድር ሊያኦዶንግን በአምስት ዓመት አስመልሳለሁ ብሎ ቃል የገባ ጄኔራል ነው። በ1629 የማንቹው ገዥ ሆንግ ታይጂ የዩዋንን ምሽግ ትቶ በሞንጎሎች ምድር ዞሮ ታላቁን ግንብ ሰብሮ ቤጂንግ ደጃፍ ደረሰ። ዩዋን ለመከላከል ገስግሦ መጣ፤ ንጉሡ ግን ከጠላት ጋር ተመሳጥሯል ብሎ አሰረው፤ በማግስቱ ዓመት ሥጋው እየተቆራረጠ ተገደለ። ሲታሰር የበታቹ ዙ ዳሾው ደንግጦ ጦሩን ይዞ ወደ ምሥራቅ ሄዶ ነበር። የመለሰው ዩዋን ራሱ ከእስር ቤት የጻፈው ደብዳቤ ነው። ሊገድለው ላሰረው ንጉሥ ጦር የሚመልስ ሰው! ይህን አንስቼ ቶሎ መተው ያቅተኛል፤ ግን ልለፈው፤ ከእሱ ይልቅ ማውራት የምፈልገው ስለ አንዲት ወረቀት ነው።

በ1641 በሰሜን ምሥራቁ ግንባር፣ በሶንግሻን ምሽግ፣ 130 ሺህ የሚሆን የሚንግ ጦር ነበር። አዛዡ ሆንግ ቸንግቾው ቀስ ብሎ መዋጋት ፈለገ፤ ከቤጂንግ ግን «ቶሎ ግጠም» የሚል ግፊት በረታ፤ ጦሩ ተደመሰሰ። በ1642 መጀመሪያ ሶንግሻን ስትወድቅ ንጉሡ በሁለት ግንባር መዋጋት እንደማይችል ገባው። ስለዚህ የጦር ሚኒስትሩን ቸን ሺንጂያን በምስጢር ከማንቹዎች ጋር እንዲደራደር አዘዘው። ቸን መልእክተኛ ላከ። ሆንግ ታይጂ ያቀረበው ሐሳብ፣ ሚንግ በየዓመቱ 10 ሺህ ቴል ወርቅና 1 ሚሊዮን ቴል ብር ይሰጣል፤ ማንቹዎች በምላሹ ጊንሰንግ የሚባል የመድኃኒት ሥርና ሰይብል የሚባል አውሬ ውድ ቆዳ ይልካሉ፤ ድንበርም ይበጃል የሚል ነበር። ሒሳቡን ሥሩት፤ ወርቁ እንኳ በብር ተመንዝሮ ቢደመር ከዚያ የሥልጠና ግብር አንድ ሦስተኛ አይደርስም።

የመልእክተኛው የምስጢር ሪፖርት መጣ። ቸን አንብቦ ጠረጴዛው ላይ ተወው። የቤቱ አገልጋይ ለሹማምንት ተገልብጦ የሚሠራጨው የተለመደው የጦር ግንባር ዜና መስሎት ለገልባጮች ሰጠው። ቤጂንግ ተናወጠች፤ ከባዕድ ጋር መደራደር በዚያ ዘመን ውርደት ነው፤ ተቆጣጣሪ ሹማምንቱ የክስ ደብዳቤ አዘነቡ።

ንጉሡ እዚህ ጋ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፦ «ያዘዝኩት እኔ ነኝ።» አላለም። ሚኒስትሩ ጥፋቱን እንዲያምን ጠበቀ። ቸን ደግሞ ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ ውለታውን ዘርዝሮ የንጉሡን የራሱን ቃል እየጠቀሰ መለሰ፤ ንጉሡን ያሳበደው ይህ ነው። በዚያው ዓመት ቸን ተገደለ። የተፈረደበትም ስለ ድርድሩ አይደለም፤ ከንጉሡ ዘመዶች መሳፍንት በዓመፀኞችና በማንቹዎች እጅ ሲጠፉ ባለማዳኑ ነው ተባለ። ድርድሩ ራሱ እንዳልነበረ ተቆጠረ።

አሁን ወደ 1644 ኑ። በዓመቱ መግቢያ ሊ ዚቸንግ ሺአን ላይ አዲስ ሥርወ መንግሥት አውጆ ወደ ቤጂንግ እየመጣ ነው። ሊ ሚንግሩይ የተባለ ሹም ለንጉሡ በምስጢር «ወደ ናንጂንግ እንሂድ» አለው። ሐሳቡ የእብድ አልነበረም፤ ናንጂንግ እስከ 1421 ዋና ከተማ የነበረች፣ ከዚያም በኋላ የራሷን ስድስት ሚኒስቴሮች ይዛ የቆየች፣ ሀብታሙ ደቡብ በእጇ ያለ ከተማ ናት። ንጉሡ ፈለገ። ግን ሐሳቡን ሹማምንቱ በአደባባይ እንዲያቀርቡለትና እንዲለምኑት ፈለገ፤ ቅድመ አያቶቹን መቃብር ትቶ ሸሸ እንዳይባል። ሹማምንቱ ዝም አሉ። ዋናው አማካሪ ቸን ያንም ዝም አለ። አንዱ ተነሥቶ ሊ ሚንግሩይን አወገዘ። አልጋ ወራሹን እንኳ ወደ ደቡብ እንላከው ሲባል፣ ልጁን በአባቱ ፈንታ ልታነግሡ ነው ወይ የሚል ተቃውሞ መጣ። የማንቹዎችን ድንበር የሚጠብቀውን ጄኔራል ዉ ሳንግዊን ከነጦሩ የማስጠራቱ ነገርም እንዲሁ ሰንብቶ ተወሰነ፤ ቤጂንግ ስትወድቅ ጦሩ ገና መንገድ ላይ ነበር።

ዝም አይነቅዝም ይላል ያገራችን ሰው። እነዚያ ሹማምንት ፈሪዎች ናቸው ብዬ አስተምር ነበር። አሁን ሳየው ግን የቸን ሺንጂያን ነገር ያስታወሱ ሰዎች ናቸው፤ ንጉሥ ያዘዘውን ፈጽሞ የተገደለ ባልደረባቸው ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ስለዚህ ቡድን የምትመሩ ልጆች፣ ስብሰባ ላይ ሐሳብ ጠይቃችሁ ዝምታ ከመጣ፣ ባለፈው የተናገረውን ሰው ምን እንዳደረጋችሁት ወደ ኋላ ቁጠሩ። ስስ ሥራ ለሰው ስትሰጡም «እኔ አዝዣለሁ» የሚል ጽሑፍ በእጁ ይኑር።

ዘንድሮ ወጣቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሣትን የሚሰብክ ቪዲዮ ሲቀባበል አያለሁ። ቾንግዠን ይበልጣችኋል፤ ብርታት አላጣም። ሰው አትቀያይሩ ልላችሁም ነበር፤ ግን ዡ የንሩ የሚባለው አማካሪ በ1643 ወራሪ ሊመክት ወጥቶ ግብዣ ላይ ተቀምጦ የሐሰት የድል ዜና ሲልክ ነበርና እሱን ቶሎ መሻር ነበረበት እላለሁ። ያልተጣጣመ ምክር ከሆነ ይቅርታ፤ የአገዛዝ ነገር እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከኛ ጋር ይነካካል። በነዚያው ዓመታት አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከኢትዮጵያ ሲያባርሩ፣ የዚያው ማኅበር አባል የሆነው አዳም ሻል ቤጂንግ ውስጥ ለቾንግዠን የዘመን አቆጣጠር ያስተካክልና መድፍ ያቀልጥ ነበር። ሁለቱ ነገሥታት አንዳቸው ስለ ሌላው መኖር እንኳ ያወቁ አይመስለኝም።

በመጨረሻ ንጉሡ ለወታደር ደመወዝ መዋጮ ጠየቀ። ከሹማምንትና ከመኳንንት ሁሉ የተሰበሰበው 200 ሺህ ቴል ያህል ነው። አማቱ፣ የንግሥቲቱ አባት ዡ ኩይ፣ የለኝም ሲል ቆይቶ 10 ሺህ ብቻ ሰጠ፤ ንግሥቲቱ በስውር ከላከችለት 5 ሺህም 2 ሺሁን አስቀረ ይባላል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሊ ዚቸንግ ሰዎች ከነዚሁ ሹማምንት ቤት በግርፋት ሚሊዮኖች አወጡ።

ሚያዝያ 25 ንጋት ላይ ሹማምንት የሚጠሩበት ደወል ተደወለ፤ የመጣ የለም። ቾንግዠን ከቤተ መንግሥቱ በስተጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ ራሱን ሰቀለ፤ 33 ዓመቱ ነበር፤ አብሮት የሞተው ዋንግ ቸንግኤን የተባለ አንድ ጃንደረባ ነው። የራሱ መቃብር አልተሠራለትም። ከሁለት ዓመት በፊት የሞተችውን የእቁባቱን የቲየንን መቃብር ከፍተው እዚያ አስገቡት። የቁፋሮውን ወጪ የሸፈኑት ቻንግፒንግ የምትባለው የዚያ አካባቢ ሰዎች፣ ሳንቲም አዋጥተው ነው።