የሃይስህ የኋላ በር ሰው አይሸከምም

አንድ አንባቢ ከፍኖተ ሰላም ጽፎልኛል። አሮጌ ሃይስ ገዝቶ፣ ወንበሮቹን አውልቆ፣ አልጋና ምድጃ አስገብቶበታል። ቅዳሜና እሁድ ወደ ዘንገና ሐይቅ ወይም ወደ ጮቄ ይወጣበታል። ድንኳኑንና ጀሪካኑን ፖርቶመጋላው (ጣሪያው ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ) ላይ ስለሚጭን፣ ሰፈሩ ያለ ብየዳ ቤት መሰላል አሠርቶ የኋላ በሩ ላይ በቡሎን አሳስሮታል። አሁን ሲወጣበት ይንቋቋል። በላይኞቹ ቡሎኖች ዙሪያ ቀለሙ ተሰነጣጥቋል። ዝናብ ሲጥል የአልጋው እግርጌ ይረጥባል። በሩ ተከፍቶ አልቆም ስላለው በዱላ ይደግፈዋል። ሰሞኑን ደግሞ ሁለተኛው መርገጫ ብየዳው አጠገብ ተሰነጠቀ። "በወፍራም ብረት እንደገና ላሠራው ወይስ ብየዳውን ላስደግመው?" ይላል።

ወንድሜ፣ ሁለቱንም ተው። መኪናህን ከላክኸው ፎቶ በቀር በአካል አላየሁትም፤ ግን አምስቱም ችግር የመጣው ከአንድ ቦታ ይመስለኛል። በሩ ሰው ተሸክሟል። የሃይስ የኋላ በር ወደ ላይ ተከፍቶ ወደ ታች ይዘጋል። ማጠፊያዎቹ የተሠሩት ለራሱ ለበሩ ክብደት ነው። ወፍራም ብረት ካሠራህ ክብደት ትጨምርበታለህ፤ በሩ ይብስበታል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። የተሰነጠቀውን መርገጫ መኪናው ላይ እንዳለ "አንዴ ነካ ነካ አድርግልኝ" ብለህ ብየዳ ቤት እንዳትሄድ። መሰላሉ ተፈቶ፣ መኪናው ራቅ ብሎ ቆሞ ነው የሚበየደው። ያንተ መኪና ውስጥ የስፖንጅ ፍራሽ አለ፣ የጋዝ ሲሊንደር አለ፣ ከታች ነዳጅ አለ። "የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅለናል" ይሉሃል። እሱ የኤሌክትሪክ ዕቃውን ያድን ይሆናል፤ ፍራሹን ከብልጭታ አያድንም።

ግምቴን ለማረጋገጥ ወረቀት ፕላስተር ግዛ። በሩና ቦዲው የሚገናኙበት ክፍተት ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ አሻግረህ ለጥፈው። ጓደኛህ ቀስ ብሎ ይውጣ፣ አንተ ተመልከት። ፕላስተሩ ከተጨማደደ ወይም ከተላቀቀ በሩ እየተንቀሳቀሰ ነው። ቀጥሎ የበሩን የውስጥ ልባስ አውልቅና ከውጭ ቡሎኖቹ ላይ ውሃ አፍስስ። የአልጋህ እርጥበት ከየት እንደሚመጣ ያኔ ታየዋለህ።

አሁን ሥራ ቦታዬ ለሚመጣ ሁሉ የምደጋግመውን ነገር ላንተም ልንገርህ። ሰው መሰላል ላይ ሲወጣ ክብደቱ ወደ ታች ብቻ የሚሄድ ይመስለዋል። ቀጥ ብሎ በቆመ መሰላል ላይ ግን ሰውነትህ ከበሩ ወጣ ብሎ ነው የሚንጠለጠለው። ጀሪካን ደረትህ ላይ አስጠግተህ ስትይዘውና ክንድህን ዘርግተህ ስትይዘው ያለውን ልዩነት ታውቀዋለህ። መሰላሉም እንደዚያው ነው፤ የላይኛው ማሰሪያ ወደ ውጭ ይነቀላል፣ የታችኛው ወደ ውስጥ ይገፋል። 70 ኪሎ ትመዝናለህ እንበል። የክብደትህ መሐል ከበሩ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ያንተ የላይና የታች ማሰሪያ በ50 ሳንቲ ሜትር ከተራራቁ፣ 70 በ30 ተባዝቶ ለ50 ሲካፈል 42 ይመጣል። የላይኛው ማሰሪያ በ42 ኪሎ ኃይል ወደ ውጭ ይጎተታል ማለት ነው። ርቀቱን 150 ሳንቲ ሜትር ብታደርገው ይኸው ኃይል ወደ 14 ኪሎ ይወርዳል። ሰውዬው ያው፣ ብረቱ ያው። ይህ ደግሞ ዝም ብለህ ስትቆም ነው። ዘለል ስትልበት ወይም ጀሪካን ትከሻህ ላይ አድርገህ ወደ ኋላ ስታዘነብል ከዚያ በላይ ይሆናል። የበሩ ላሜራ ከአንድ ሚሊ ሜትር ይሳሳል። በትንሽ ሮንዴላ (ቡሎን ሥር የሚገባ ቀለበት) ይዘኸው እየታጠፈና እየተመለሰ ሲኖር መጀመሪያ ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ውሃ ይገባል፣ ከዚያ ዝገት። መርገጫውም በዚያው መወዛወዝ ነው የደከመው። ብረት ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ከብየዳው ጠርዝ ነው፤ ብየዳው ሲጠነክር አጠገቡ ያለው ስስ ቱቦ ዋጋውን ይከፍላል።

ስለዚህ መሰላሉን ከበሩ አንሳው። ተሰክቶ የሚነሳ አድርገህ ሥራ። ከላይ ሁለት መንጠቆ ይኑረው፤ የፖርቶመጋላውን የኋላ ቱቦ ያቅፋል። ከታች ሁለት እግር ይኑረው። እግሩ ፓራውልቱ (የኋላ መከላከያው) ላይ እንዳያርፍ፤ ፓራውልት ሰው አይችልም። የሻንሲው (መኪናውን ከሥር የሚሸከመው ብረት) የኋላ ጫፍ ላይ ያሉትን የፋብሪካ ቀዳዳዎች ፈልግና ማስቀመጫ አሳስርባቸው። ማስቀመጫው ሁለት አጭር ሰፊ ቱቦ ነው፤ የመሰላሉ እግር እዚያ ውስጥ ይገባል፣ በፒን ይቆለፋል። ክብደቱ ሻንሲው ላይ ይወርዳል። ፖርቶመጋላው የሚይዘው የመነቀሉን ኃይል ብቻ ነው፤ እሱም የራሱ ማሰሪያ ጠብቆ ከታሰረ። መጀመሪያ ያዘውና ነቅንቀው።

ቱቦው ጥቁር ብረት፣ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ይሁን። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዘህ ሂድ። 2 ብለው የሚሸጡት ሲለካ 1.2 ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሻጩ ደግሞ ዓይኑን አያሽም። ቡሎንም እንደዚሁ። ራሱ ላይ 8.8 የሚል ካልተጻፈበት አትግዛ፤ በ17 ቁልፍ አንዴ ጠበቅ ስታደርገው የሚላጠው ቡሎን እየበዛ ነው። ያንተ መሰላል ነጭ (ዚንክ የተለበጠ) የውሃ ቱቦ ነው ብለሃል። እሱ ሲበየድ የሚወጣው የዚንክ ጭስ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። ወተት ያድናል የሚሉህን አትስማ። ጥቁሩን ግዛ።

በመርገጫዎቹ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከበሩ ግን 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቁ፤ አለዚያ ጫማህ ጫፉን ብቻ ይረግጣል። የመርገጫውን ጫፍ የጎን ቱቦውን እንዲያቅፍ አድርገህ በግራይንደር ቅረጸው። ክፍተት ትቶ በኤሌክትሮድ (በብየዳ ዘንግ) መሙላት የሰፈርህ ብየዳ ቤት ሥራ ነው፣ ፎቶው ላይ አይቼዋለሁ። ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ፣ 70 አምፒር አካባቢ። 3.2 ይህን ቱቦ ይበሳዋል። መርገጫው ላይ የብየዳ ነጠብጣብ ጣልበት። የጎጃም ክረምት ጭቃ ጫማህ ላይ ተለጥፎ፣ ልሙጥ ቀለም ላይ ስትወጣ እግርህ አይቆምም። መንጠቆዎቹን በአሮጌ ከለመዳሪያ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ጠቅልላቸው፤ መንቋቋቱ ይቀራል።

ልኬት ለመያዝ መኪናው ላይ ስካው፣ ምልክት አድርግ፣ ከዚያ አውርደህ በይድ። "እዚሁ ሁለት ነጥብ ብቻ ላስይዘው" የሚል ባለሙያ ካጋጠመህ መሰላልህን ይዘህ ውጣ። ለሁለት ነጥብም ቢሆን መኪናው ላይ አይበየድም።

ሲያልቅ ራስህ ከመውጣትህ በፊት አንድ ኩንታል ጤፍ በገመድ በየመርገጫው አንጠልጥልበት። ካልታጠፈ ያዘ። ስትነዳ ነቅለህ አልጋው ሥር አስገባው። የአባይ በረሃን ቁልቁለት እያንቀጫቀጭክ ይዘኸው አትውረድ።

በሩ ላይ የቀሩትን ቀዳዳዎች ዝገታቸውን አራግፈህ፣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ቀብተህ፣ በጎማና በሰፊ ሮንዴላ በቡሎን ድፈናቸው፣ ዙሪያውን ሲሊኮን። እዚህም ብየዳ የለም። በሩን ደግፈው የሚያቆሙትን የጋዝ ዘንጎች አሁን አትግዛ። መሰላሉ ከወረደ በኋላ በሩ ራሱን ችሎ ከቆመ ገንዘብህ ተረፈ።